ሚስባህ ጀርመንና የካፖርቱ ፊልም

ሚስባህ ይመር ሰሞኑን እግሩ አልረጋ ብሏል። ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ፊልም ቤቱን ይከፍትና ወንበሮቹን እንኳ ሳይደረድር መልሶ ዘግቶ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ይወጣል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ የልጁን ድምፅ በመስኮት ይሰማና በሩን ሳይነካ ወደ ሸዋ በር ሰፈር ያዘግማል። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሲያመላልሰው የዋለው ሾፌር «ጋሽ ሚስባህ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ?» ቢለው፣ «አየሩ ነው ባክህ፤ ላይ ይበርደኛል፣ ታች ይሞቀኛል» ብሎ ሸኘው። መልሱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ሁለቱ ከተሞች ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ተራርቀው አንዱ ጋቢ ሲያስደርብ ሌላው ሸሚዝ ያስወልቃል። ሚስባህን ያመላለሰው ግን ብርድም ሙቀትም አይደለም። ልጁ ፈትሂያ ቅዳሜ ማለዳ ለፈተና ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ከዚያ በፊት የግድ ሊነግራት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ፈትሂያ ከመወለዷ በፊት፣ በ1982 ዓ.ም. ነው። ሚስባህ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ቀደም ብሎ ማትሪክ ወድቆ ነበር፤ ውድቀቱን ላለመናገር ለእናቱ «ትምህርት አግኝቻለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ላከና አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያነጥፍ፣ ወለል ሲወለውል ሁለት ዓመት ቆየ። የት እንደሚማር አልጻፈም። አንድ የውጭ አገር እንግዳ የሱፍ ካፖርትና አንድ የቪዲዮ ካሴት ክፍሉ ውስጥ ረስቶ ሄደ፤ ዓመት ሙሉ የሚጠይቅ ስላልመጣ የሆቴሉ ኃላፊ «በል አንተው ውሰደው» አለው። ሚስባህ አገሩ ናፍቆት ሲነሳ ካፖርቱን ደረበ፣ ካሴቱን በብብቱ ያዘና የደሴ አውቶቡስ ተሳፈረ።

አውቶቡሱ ውስጥ ጀርመን ተምረው የተመለሱ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ደሴ መናኸሪያ ሲደርሱ ሻንጣቸው በዛባቸው፤ ሚስባህም አንዱን ተሸክሞላቸው አብሮ ወረደ። ዘመዶቻቸው ግቢውን ሞልተውታል። ከተቀባዮቹ መሃል አንድ የሰፈሩ ሰው ነበር፤ ካፖርቱን አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ አጠገቡ የቆሙትን አየ፤ «የይመር ልጅ! የይመር ልጅ ከጀርመን መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ሚስባህ «አይደለም» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። እውነቱን እንናገርለት፣ ከፍቶ ነበር። ግን ሰው እየተቀባበለ አቀፈው፤ አፉም በሰው ትከሻ ላይ እንደተከፈተ ቀረ። ቤት ሲደርስ እናቱ እማማ መዲና ወሬው ቀድሟቸው ደጅ ላይ ቆመው እልል ሲሉ አገኛቸው። በዚያ እልልታ መሃል «ወለል ስወለውል ነው የከረምኩት» ማለት ለማን ይቻላል? ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። በማግስቱ በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ በሙሉ እየተነሳ መረቀው። ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩ አለፈ፤ ሚስባህ ይመር የሚባለው ሰው ቀስ በቀስ ጠፋና በቦታው ሚስባህ ጀርመን የሚባል ሰው ገባ። ከሪማን ያገባው ይሄ ሁለተኛው ነው። እናቱም ልጃቸው ጀርመን እንደተማረ አምነው፣ ደስ እንዳላቸው ከዚህ ዓለም ሄዱ።

ለዚህ ሁሉ ማስረጃው ካሴቱ ነበር። ሚስባህ ኮምቦልቻ ላይ ቪዲዮ ቤት ከፈተ፤ መጀመሪያ ያሳየውም ያንን ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ዕድሜው ከአባቱ የሚበልጥ የዘፈንና የቀልድ ፊልም ነው። አንድ የሆቴል አስተናጋጅ በስህተት የአንድ ባላባት ካፖርት ለብሶ ይወጣል፤ ከዚያ ያገኘው ሁሉ እንደ ባላባት ያጎነብስለታል፤ ባርኔጣ የምትሰፋ አንዲት ቆንጆም ትወደዋለች። ሾርባ ሲያቀርቡ ይዘፍናሉ፣ ደረጃ ሲወርዱ ይዘፍናሉ፣ ሲጣሉም ይዘፍናሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው በዓይን ይታያል። የሚነጋገሩትን ግን ሚስባህ አንዲት ቃል አያውቅም። «ተርጉምልን እንጂ ጀርመን!» ሲሉት ምን ያድርግ? ማይክሮፎኑን አንስቶ ፈጠረ።

ሲፈጥር ደግሞ ተሰጥኦ ነበረው፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ «አሁን ሴትዮዋ ምን አለች መሰላችሁ፤ ይሄ ሰውዬ አካሄዱ የጨዋ ልጅ ነው፣ ጫማውን ግን አላምነውም አለች» ሲል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ባላባቱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ የአስተናጋጁ የጠፋ መንታ ወንድም አደረገውና ሁለቱን አስታረቃቸው። አንድ ቦታ ብቻ ሁልጊዜ ያስቸግረው ነበር። በፊልሙ መሃል ሰውዬው ልጅቷን አትክልት ቦታ ወስዶ ካፖርቱን ያወልቅና ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላታል፤ ከዚያ ሳይዘፍን፣ ዝግ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ይነግራታል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። ሚስባህ እዚህ ላይ «ዝናብ ሊጥል ነው፣ እንዳይመታሽ ልበሺው አላት» ይላል። በዝናብ ለምን ታለቅሳለች ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ቪዲዮ ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ የሱ ኳስ እያሳየ ቆየ። ካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲው ወደ ፍላሽ ተገለበጠ። እስከ ዛሬም አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የድሮ ደንበኞቹ መጥተው «የካፖርቱን ክፈትልን» ይሉታል። እሱ ምናልባት አንድ ሺህ ጊዜ አይቶታል። ፊልሙ ውስጥ ያለውን ድምፅ በሙሉ እንደ ወፍ ይደግመዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ዛሬም አያውቅም።

ፈትሂያ ያደገችው በዚያ ቤት ወንበሮች መሃል ነው። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ነርሲንግ ጨርሳለች፤ ጀርመንኛ ካለፈች ኦስትሪያ ሄዳ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራች የምትማርበት ዕድል ተገኝቶላታል። ትምህርቱን የምትከታተለው በስልክ ነው። ጓደኞቿ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ አስተማሪሽ ቤትሽ ነው» ሲሏት ፊቷ በኩራት ይፈካል። ሚስባህ ግን ልጁ መጽሐፉን ይዛ በመጣች ቁጥር ወገቡን ያመዋል፣ መነጽሩ ይጠፋዋል፣ ሶላት ያልፍበታል።

አንድ ቀን ማምለጫ አጣ። «አባዬ፣ ፈታኟ ትልቅ ሴት ናት አሉ። ስገባ እንዴት ነው ሰላም የምላት?» አለችው። ሚስባህ የሚያውቀው አንድ ሰላምታ ነው፤ አስተናጋጁ ወይዘሮዎቹን ባገኘ ቁጥር እጃቸውን ስሞ የሚላቸውን። ደረቱን ነፍቶ «ኩስ ዲ ሃንት፣ ግነዲገ ፍራው» አላት። ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እጅዎን እስማለሁ፣ እመቤቴ ማለት ነው አይደል? አስተማሪያችን ግን ጉተን ታግ በሉ ነው ያለን» አለች። የቃሉን ትርጉም ሚስባህም የሰማው ያኔ ገና ከአፏ ነው። «እሱ የመንገድ ሰላምታ ነው» አላት ቶሎ ብሎ። «ለትልቅ ሰው እጅ ይሳማል።» ፈትሂያም አመነች። ለምን አታምን? እሷ ባደገችበት አገር ሸህ ሲገኝ፣ አያት ሲገኝ፣ የተከበረ ሽማግሌ ሲገኝ እጅ ተስሞ ነው የሚታለፈው። እነዚያም ሰዎች እንደኛ ሥርዓት አላቸው ማለት ነው ብላ እንዲያውም ደስ አላት።

ከአራት ወር በፊት ለፈተና ሄደች። ገብታ ጎንበስ ብላ ያንን የሰማንያና የዘጠና ዓመት ሰላምታ ለፈታኟ አቀረበች። አብሯት የሚፈተነው ልጅ በሳቅ ፈነዳ፤ ፈታኟም አፏን በእጇ ሸፈነች። ፈትሂያ ከዚያ በኋላ ምላሷ ተሳሰረ። መጻፉን አልፋ፣ ማዳመጡን አልፋ፣ መናገሩን ወደቀች።

ይህን ሲሰማ ሚስባህ ልጁ ልትጮህበት ነው ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን «አጠራሬ ነው ያሳቃቸው። አንተ እንደምትለው አድርጌ አላልኩትም። በደንብ አለማምደኝ» አለችው። አስተማሪዋን እንዳትጠይቅ አባቷን ማማት መሰላት። ሚስባህም አራት ወር ሙሉ አለማመዳት። አዎ፣ አለማመዳት! ሰው ፈሪ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። «ሃንት የሚለውን አንሺው» ይላታል፣ ታነሳዋለች፤ እሱም ወጥቶ ጓሮ ይቆማል።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ ፈትሂያ ወጡን በጣቷ እየነካካች «የካፖርቱን ፊልም ትናንት በስልኬ ላይ ብቻዬን አየሁት» አለች። ሚስባህ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። አበቃ፣ ታወቀብኝ አለ በሆዱ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞላና «ባልሄድ ይሻላል መሰለኝ። እኔ ይሄ ቋንቋ አይገባኝም» ብላ ተነሳች። ለምን እንደዚያ እንዳለች አልጠየቃትም። ከሪማ በባሏ ላይ ዞረች፤ «ልጅቷን አጥብቀህ አስጠናት እንጂ ምን እንደ ጀማሪ ሌባ ትንቆራጠጣለህ? ያን ጀርመንኛህን ለማን ልታወርሰው ነው?» አለችው።

አርብን እንዴት እንዳለፈው እሱም አያውቅም። ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ እነግራታለሁ አለ። ወጥቶ በእግሩ ሰኞ ገበያ ደረሰ፣ ምንም ሳይገዛ ተመለሰ። ከአስር ሶላት በኋላ አለ፣ ከመግሪብ በኋላ አለ። በመጨረሻ ያገኘው መላ «ነገ እስከ ኮምቦልቻ አብሬሽ እሄዳለሁ» ማለት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡሱ ደሴን ለቀቀ። ሚስባህ በመስኮቱ በኩል ልጁን አስቀምጦ እሱ ዳር ተቀምጧል። ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ አለው። የጦሳ ተራራ ወደኋላ ቀረ፤ አውቶቡሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ መውረድ ጀመረ። በየኩርባው አሁን ይላል፤ ኩርባው ያልፋል። ፈትሂያ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ «አባዬ፣ የመጨረሻ አንድ ጊዜ ስማኝ። ኩስ ዲ ሃንት…»

«ተይው» አላት።

«አበላሸሁት?»

«አላበላሸሽውም። ተይው። እንደሱ አይባልም።» ድምፁ ከራሱ የወጣ አልመስል አለው። «እኔ ጀርመን ሄጄ አላውቅም፣ ፈትሂያ። ወላሂ ሄጄ አላውቅም። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ወለል ስወለውል ነበር። ካፖርቱም ሰው የረሳው ነው፣ ካሴቱም ሰው የረሳው ነው። ያንን ሰላምታ ከፊልሙ ነው የሰማሁት። ያሳቃቸው አጠራርሽ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

ፈትሂያ አልጮኸችም። ደብተሯን ዘጋችው። ሁለት ኩርባ ሙሉ ገደሉን ስታይ ቆየችና፣ ፊቷን ሳትመልስ «ሳቁብኝ እኮ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አራት ወር ምላሴን ስጠላ ነው የከረምኩት። አንተ እያየኸኝ» አለች። ሚስባህ ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ነገር አነሰበት። ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ማንጸባረቅ ጀመረ።

አውቶቡሱ ተሳፋሪ ሊጭን ቆመ። ሚስባህ ወረደ። ለወትሮው ልጁ ስትለየው እጁን ስማ ነው የምትለየው፤ ዛሬ አልሳመችም፣ እሱም እጁን ኪሱ ከተተ። አስፋልቱ ላይ ቆሞ ወደ መስኮቷ ሲያይ መስታወቱ ተከፈተ።

«አባዬ፣ አትክልት ቦታው ላይ፣ ካፖርቱን ሲያለብሳት፤ ዝናብ ሊጥል ነው የምትለው…»

«ከራሴ ነው።»

«መንታ ወንድሙስ?»

«ሁሉም ከራሴ ነው። አንድም ቃል አይገባኝም።»

ፈትሂያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ የምታስቢኝ ሰው አይደለሁም፣ ካፖርቱ የኔ አይደለም፣ እኔ አስተናጋጅ ነኝ ይላታል። ራሱ ነው የሚነግራት። መንታ ምናምን የሚል ነገር የለም። አንተ ካልከው ጋር አልገጥም ሲለኝ፣ ዓመት ከመንፈቅ ተምሬ ምንም አልገባኝም ብዬ ነው አጥፍቼው ያለቀስኩት።» እንደገና አየችው፤ አሁን በዓይኗ ውስጥ ከቁጣው ሌላ ነገር ነበር። «ታዲያ የሰማሁት ልክ ነበር ማለት ነው?»

«ልክ ነሽ» አላት። «እኔን ተይኝና የሰማሽውን እመኚ።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሚስባህ እዚያው እንደቆመ ሰውዬው ራሱ ነው የሚነግራት የሚለው ነገር ከጭንቅላቱ አልወጣ አለው። ሺህ ጊዜ አይቶታል። ሰው በገዛ አፉ፣ ማንም ሳይዘው፣ እኔ እሱ አይደለሁም ይላል ብሎ አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም።

ማታውን ለከሪማ ነገራት። ከሪማ ብዙ ሰው ታገኛለች፣ ብዙ ወሬ ትሰማለች፤ ይህን ግን አልሰማችም ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ካፖርቱን አወጣችና ጭኑ ላይ ወረወረችለት። «ሃያ ስምንት ዓመት በብሩሽ ሳራግፈው፣ ፀሐይ ሳሰጣው የኖርኩት የማንን ነው?» አለችው። እሑድን ሙሉ አላናገረችውም። ሚስባህም ከቤት ወደ በር፣ ከበር ወደ ቤት ሲል ዋለ። ስልኩን በየደቂቃው ያያል። ፈትሂያ «ደርሻለሁ» ከምትል አንዲት መልእክት ሌላ አልላከችም።

ፈተናው ሰኞ በስምንት ሰዓት ነው። ሚስባህ ኮምቦልቻ ወርዶ ወንበሮቹን ሦስት ጊዜ ደረደረ፣ ወለሉን ጠረገ፣ የጠረገውን ደግሞ ወለወለ። ጡረታ የወጡት ጋሽ አብዱልባሲጥ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ብቅ ብለው «ምነው ሚስባህ፣ ዛሬ ሰርግ አለ?» አሉት። እጁ ሥራ ስለፈለገ ብቻ ፍላሹን ሰካ። አርብ ብቻ የሚታየው ፊልም ሰኞ መከፈቱን የሰማ ከመንገድ እየገባ ቤቱ ሞላ። ሚስባህ ማይክሮፎኑን ያዘ፤ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አልነቀል አለ። ሾርባው ቀረበ፣ ተዘፈነ፣ ደረጃው ተወረደ። ከዚያ አትክልት ቦታው መጣ። ሰውዬው ካፖርቱን አወለቀ።

«ዝናብ ሊጥል ነው!» አሉ ጋሽ አብዱልባሲጥ ቀድመውት፤ ቤቱ ሳቀ።

«አይደለም» አለ ሚስባህ በማይክሮፎኑ። «አንቺ የምታስቢኝ ሰው አይደለሁም ነው የሚላት። ካፖርቱ የኔ አይደለም። እኔ አስተናጋጅ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ቤቱ በጫጫታ ተናጠ። «ኧረ ተው!» «ዝናቡስ የት ሄደ?» «ሚስባህ አረጀ በሉ፣ ጀርመንኛው ጠፋበት!»

«ኖሮኝም አያውቅ» አለ ሚስባህ። «ጀርመን ሄጄ አላውቅም። አዲስ አበባ ወለል ስወለውል ነው የነበርኩት።»

ከዚህ በላይ የሚያስቅ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ጋሽ አብዱልባሲጥ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ «አቤት፣ ይሄ ሰው ሲቀልድ!» አሉ። በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። ማይክሮፎኑን ወንበር ላይ ጥሎ አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ።

«አባዬ» አለች ፈትሂያ። «ወጣሁ አሁን። ውጤቱ በኋላ ነው የሚነገረው። ጉተን ታግ ብዬ ገባሁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ማንም አልሳቀም፣ አባዬ። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም።»

ሚስባህ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ቀኑን ሙሉ ያልቆመው እግሩ አሁን አረፈ። «አልሀምዱሊላህ» አለ።

«ጫጫታው ምንድነው? ሰርግ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ፊልም ቤቱ ነው። በእኔ እየሳቁ ነው።»

«ምን አልካቸው?»

«እውነቱን ነገርኳቸው።»

«እና?»

«አላመኑኝም።»